በበልጅጓ ላይ የተቀመጠ ሽምግልና

የአጎቴ በልጅግ ጠመንጃ ሰደፏ ከተሰነጠቀ ወዲህ ቤቱ ጠያቂ አላጣም። የተሰነጠቀችው በውጊያ አይደለም፤ በአደንም አይደለም። አጎቴ ከደባርቅ ገበያ ወደ አምቢኮ ሲመለሱ፣ ቧሂትን አልፈው ቁልቁለቱን ጨርሰው መሸሃ ወንዝ ሲደርሱ በቅሎዋን ድንጋይ አዳለጣት፤ ተንበረከከች፤ ከጭነቱ ጋር የታሰረችው ጠመንጃ ከቋጥኝ ጋር ተላተመች። በቅሎዋ ደኅና ናት። ጨው ረጥቧል። ስለ በቅሎዋም ስለ ጨውም የጠየቀ ሰው ግን አልሰማሁም። ጠያቂው ሁሉ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፤ መጀመሪያ «ስንጥቁ እስከ የት ደረሰ?»፣ ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ለመሆኑ ምን ሆነው ነው በቅሎ ላይ የጫኗት?»

ሁለተኛው ጥያቄ ከስንጥቁ ይብሳል። በእኛ አገር የተከበረ ሰው ጠመንጃውን ያነግታል እንጂ ከጨው ጋር አይጭንም። አጎቴ ጉልበታቸውን አሟቸው እንደነበር፣ ዝናብም ስለያዛቸው በአንድ እጃቸው ዱላ በአንዱ ጃንጥላ ይዘው እንደነበር ያስረዳሉ። ጃንጥላው ነገሩን ያባብስባቸዋል።

እኔ የተጠራሁት ደባርቅ ስለምኖር ነው። አምቢኮ ያሉ ዘመዶቼ ደባርቅ የሚኖር ሰው ሁሉን ያውቃል ብለው ያምናሉ። ደባርቅ ያለነው ደግሞ ጎንደር ያለው ያውቃል እንላለን። ጎንደሬ ከራሱ በላይ አዋቂ መኖሩን ስለማይቀበል ነገሩ እዚያው ላይ ይቆማል። ለማንኛውም ዳኝ የተባልኩት ይህን ነው፤ በልጅጓ ትጠገን ወይስ ተሸጣ፣ ተጨምሮባት፣ ክላሽ ይገዛ?

ዘመኑ ስለ ጠመንጃ እየሳቁ ለማውራት የሚመች አለመሆኑን አውቃለሁ። እኔም ስለ ጠመንጃ በጠቅላላው የምለው የለኝም። የማወራው ስለዚህችው ስለ አንዷ ነው፤ ዕድሜዋን ሙሉ ከሰው ይልቅ ለድንጋይና ለሰማይ የተኮሰች ናት።

በልጅጓ የተሠራችው በስሟ አገር፣ ሊዬዥ ከተማ አጠገብ ኤርስታል ከሚባል ቦታ ነው። ንድፏ የጀርመኑ የማውዘር ነው። ቤልጅጎች የክብር ዘበኛን ሊያሠለጥኑ በመጡበት፣ ከጣሊያን ወረራ በፊት ባሉት ዓመታት መንግሥት ከገዛቸው አንዷ ናት፤ አናቷ ላይ የይሁዳ አንበሳ ተቀርጿል። 7.92 ሚሊ ሜትር ጥይት አምስት ትጎርሳለች። ወደ ቤታችን እንዴት እንደገባች ሁለት ታሪክ አለ። አንዱ፣ አያቴ በ1928 ማይጨው ዘምተው ይዘዋት ተመለሱ ይላል። ሁለተኛው፣ ከማይጨው የሚመለስ የተራበ ወታደር በገብስ ለወጣት ይላል። የመጀመሪያው ጠላው ሲደጋገም ሁሉም የሚናገረው ነው፤ ሁለተኛውን የሚናገሩት የአጎቴ ባለቤት እትዬ ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ጠላ አይጠጡም።

ከዚያ ወዲህ ያልተለወጠባት ነገር ጥቂት ነው። ሰደፏ የመጣችበት የፈረንጅ እንጨት አይደለም፤ አያቴ በወይራ አስለውጠውታል። ወይራው አንገቱ ላይ በደርግ ጊዜ ተሰብሮ እርጥብ የበሬ ቆዳ ተሰፋበት፤ ቆዳው ሲደርቅ ጭምድድ አድርጎ ያዘው። የፊተኛው ቀለበት ከጣሊያን ቆርቆሮ ተቆርጦ የተጠቀለለ ነው። አንዱ ብሎን የልብስ ስፌት መኪና ብሎን ነው፤ የማን መኪና እንደሆነ እትዬ ያውቃሉ፤ አልረሱም። ቃታዋ ላይ የተጻፈው ቁጥር አካሏ ላይ ካለው ጋር አይገጥምም፤ ማለት አንድ ቀን አንድ ቦታ ሁለት ጠመንጃዎች ተፈትተው ሲገጣጠሙ ተለዋውጠዋል። የእኛዋ እውነተኛ ቃታ ምናልባት አሁን ጃናሞራ ወይ በየዳ የሌላ ሰው ምሰሶ ላይ ተሰቅላ ይሆናል።

የአጎቴ ልጅ የለውጥ ወገን መሪ ነው፤ ይህን ሁሉ አንድ በአንድ ቆጥሮ ሲያበቃ «እንግዲህ አባዬ፣ ከበልጅጓ የቀረው ስሟ ነው፤ ጠመንጃዋማ ቀስ በቀስ ከሄደች ቆይታለች» አለ።

አጎቴ ከመልሳቸው በፊት ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «የደብራችን ጣራ በአያትህ ጊዜ ሣር ነበር። በእኔ ጊዜ ቆርቆሮ ሆነ። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ፈርሶ ተሠርቷል። ታቦቱ ግን ያው ነው። ነው ወይስ አይደለም?»

ቄሱ ጎረቤታችን እዚያው ተቀምጠው ስለነበር አይደለም የሚል አልተገኘም። እሳቸው ግን ጠመንጃ ከታቦት ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር መግባቱን እንዳልወደዱት ፊታቸው ይናገር ነበር።

እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው፤ ለመሆኑ ሥራዋ ምንድነው? ለአደን ናት ቢሉኝ መልሱ ቀላል በሆነ። አያቴ አዳኝ ነበሩ። በእሳቸው ዘመን ዋልያ ጥሎ የመጣ ሰው ግዳይ ጥሏልና ይፎክራል፣ ይሸልላል፣ ቀንዱም ዋንጫ ይሆናል። ያ ዋንጫ ዛሬ የት እንዳለ እዚህ አልጽፍም። ጦር ይዞ ገደል ለገደል ዋልያ ማሳደድ የዋልያውንም የአዳኙንም ዕድል እኩል ያደርገዋል፤ ከጣሊያን ጦርነት ወዲህ በየቤቱ ጠመንጃ ሲገባ ግን ሚዛኑ ተዛባ፤ ዋልያውም እየተመናመነ ሄዶ በጣት ወደሚቆጠሩ መንጋዎች ወረደ። የሰሜን ተራሮች ፓርክ የተከለለው በዚህ ምክንያት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1969። በ1978 ዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ብሎ ሲመዘግብ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር፤ በ1996 አደጋ ላይ ናቸው ከሚላቸው መዝገብ ውስጥ ጨምሮት እስከ 2017 ድረስ እዚያው አቆየው። ስለዚህ ዛሬ ዋልያ መምታት ወንጀል ነው። ዋልያን መምታት የተፈቀደለት ቢኖር የብሔራዊ ቡድናችን ተጋጣሚ ብቻ ነው፤ እሱም አላዘነለትም።

ዋልያው ቀረ፤ የገብሱ ጠባቂነትስ? እሱም የለም። ገብስ የሚያጠፋብን ጭላዳ ነው፤ ጭላዳም ሕግ አለው። በዚያ ላይ ጭላዳ ሞኝ አይደለም። አጎቴ በልጅጓን አንግተው በማሳው ዳር ሲሄዱ ጭላዳዎቹ ቀና ብለው አይተዋቸው ወደ ሣራቸው ይመለሳሉ፤ የስምንት ዓመት ልጅ ወንጭፍ ይዞ ብቅ ሲል ግን መንጋው በሙሉ ወደ ገደሉ ይንደረደራል። ማን እንደሚተኩስና ማን እንደማይተኩስ ከሰው ይልቅ አውቀውታል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ለብዙ ዓመት የፓርክ ስካውት የነበሩ ናቸው። ሰሜን ተራራ የሚመጣ ቱሪስት ያለ ስካውት አይንቀሳቀስም፤ ስካውቱ ደግሞ ያለ ጠመንጃ አይንቀሳቀስም። ከሳንቃበር ጨነቅ፣ ከጨነቅ አምቢኮ፣ ከአምቢኮ በሌሊት ተነሥቶ ራስ ደጀን፤ ከ4,500 ሜትር በላይ ያንን ብረት ተሸክመው የወጡበትን ጊዜ አይቆጥሩትም። «ስንት ጊዜ ተኮሱ?» አልኳቸው። «ፎቶ ስንት ጊዜ አነሱኝ ብለህ ብትጠይቀኝ ይሻልሃል» አሉኝ። የእሳቸው ሐሳብ መጠገን ነው። ምክንያታቸውም ሙያዊ ነው፤ ፈረንጁ አሮጌዋን ጠመንጃ ሲያይ ካሜራውን ያወጣል፤ ክላሽ ሲያይ ግን ካሜራውን ይከታል።

የለውጥ ወገን ግን አንድ ጠንካራ ነጥብ አለው፤ እሱም ጥይት ነው። የአማራ አገር ጠመንጃ ታሪክ ሲጠና ጠመንጃው የሚሞተው ብረቱ ስላረጀ አይደለም፤ የሚጎርሰው ስላጣ ነው። እ.ኤ.አ. የ1874ቱ የፈረንሳይ ውጅግራ ባለ አንድ ጥይት፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ ዓድዋ ላይ ብዙ ሥራ የሠራ ጠመንጃ ነበር፤ ዛሬ ጥይቱ ስለማይገኝ ጠመንጃው ዱላ ሆኗል፤ ለዱላነትም ከባድ ነው። ከጣሊያን የተማረከው ምንሽርም 6.5 ቱን ጥይት ካጣ ወዲህ ግድግዳ ላይ ጡረታ ወጥቷል። በልጅግ አሁን በዚያው መንገድ ላይ ናት። የክላሽ ጥይት ግን፣ ይላል የአጎቴ ልጅ፣ አይጠፋም። አባቱ ጥይት በአንድ ፍሬ እየቆጠሩ ከመቀነታቸው ሲያወጡ ማየት ሰልችቶታል። ለእሱ ጠመንጃ ማለት ጓደኛው ሠርግ ላይ ካዝናውን አንዴ አራግፎ ዝም የሚያሰኝ ነው። አምስት ጥይት ይዞ አንድ ተኩሶ ቃታ ስቦ፣ ሌላ አጉርሶ፣ እንደገና መተኮስ ሙሽራዋን ያስጠብቃል።

የክላሹን ዋጋ ሲጠሩት እትዬ ከጓዳ «በዚህማ ሁለት በሬ አስገዛበታለሁ» አሉ። ማንም አልመለሰላቸውም። ከዋጋው ጋር ፈቃድ አለ፤ በ2012 ዓ.ም. የወጣው የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177 ያለ ፈቃድ መያዝንም መግዛትንም መሸጥንም ይከለክላል። ይህን ያስታወስኩት እኔ ነኝ፤ ደባርቅ የሚኖር ሰው የሚፈለገውም ለዚህ ዓይነቱ ነገር ነው። ስለ ሕግ ካነሳሁ በኋላ ጉባኤው ለጥቂት ጊዜ ስለ ዝናብ አወራ።

በዚህ መሀል ስካውቱ ሽማግሌ ደጃች ውቤን አነሱ። ሰሜን ውስጥ ስለ ጠመንጃ ተወርቶ ውቤ ሳይነሱ አይታለፍም። ደጃዝማች ውቤ በምፅዋ በኩል ጠመንጃ እያስገቡ በዘመናቸው ከነበሩት መሳፍንት ሁሉ የተሻለ የታጠቁ ሰው ነበሩ። ደረስጌ ማርያምን ያሠሩትም እሳቸው ናቸው፤ ጀርመኑ ሺምፐር በሥራው ረድቷቸዋል፤ ሊነግሡባት አስበው ነው ይባላል። በየካቲት 1847 ካሳ ኃይሉ እዚያው ደረስጌ ላይ ድል አደረጓቸውና በሁለት ቀን ልዩነት በውቤ ቤተ ክርስቲያን በአቡነ ሰላማ እጅ ተቀብተው ቴዎድሮስ ተባሉ። ጠመንጃው ሁሉ ወደ ቴዎድሮስ ዞረ። ስካውቱ ይህን የተረኩት ለየትኛው ወገን እንደሆነ ግልጽ አልነበረም። ሁለቱም ወገን ለራሱ ወሰደው።

ማታ ላይ አሜሪካ ያለው የወንድሜ ልጅ ደወለ። የስንጥቁ ዜና እዚያ ድረስ ደርሷል። «እንዳትነኳት!» እያለ ጮኸ። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከኢትዮጵያ መጋዘን የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች በብዛት አሜሪካ ገብተው ለሰብሳቢዎች ተሸጠዋል፤ ምንሽሩም፣ ውጅግራውም፣ በልጅጉም። የገዙት ሰዎች ሣጥኑን ሲከፍቱ የሚያዩት የእኛኑ ቤት ሥራ ነው፤ በቆዳ የተጠቀለለ አንገት፣ በቆርቆሮ የተጠገነ ሰደፍ፣ በሽቦ የታሰረ እንጨት። ከዚያም እርስ በርስ ይከራከራሉ። አንዱ ይህን ሁሉ አውልቄ እንደ ፋብሪካዋ አደርጋታለሁ ሲል፣ ሌላው ቆዳውን ከነካህ ታሪኩን አጠፋህ ይለዋል። ልጁ ይህን ሲነግረን አጎቴ ስልኩን ከጆሯቸው አራቁና እኔን አዩኝ። ያ ቆዳ የተሰፋበት ጊዜ እሳቸው ወጣት ነበሩ፤ ሌላ እንጨት መግዣ ጠፍቶ ስለነበር በየሠርጉ በጋቢያቸው ይሸፍኑት ነበር። አሁን አንድ ፈረንጅ ያንኑ ድህነት በዶላር እንደሚገዛው ሲሰሙ ጋቢያቸውን ገለጥ አደረጉ።

እኔም የምችለውን ልመርምር ብዬ ጥይት አለመኖሩን አይቼ ቃታዋን አወጣሁና የስልኬን መብራት በኋላ በኩል ይዤ አፈሙዟን ቁልቁል ተመለከትኩ። እውነቱን ለመናገር አንጀቷ ንጹሕ ነው። ጥይቷን የሚያሽከረክሩት ጠመዝማዛ መስመሮች ጫፋቸው ላይ ትንሽ ተበልተዋል እንጂ አልጠፉም። ይህ የአያቴ ሥራ ነው። የድሮ ጥይት መለኮሻው ሲቃጠል ጨው ይተዋል፤ ጨው እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ በጥቂት ቀን አፈሙዝ ይበላል። በዘይት ብቻ መወልወል ጨውን አያጥበውም። አያቴ ኬሚስትሪ አልተማሩም፤ ግን ከተኮሱ በኋላ የፈላ ውሃ በአፈሙዟ ሳያፈሱ፣ አድርቀውም ሳይቀቡ አያድሩም ነበር። እትዬ ይህን በደንብ ያስታውሳሉ፤ የፈላው ውሃ የቡና ውሃቸው ነበርና። ያ ልማድ ባይኖር ኖሮ ይህ ሽምግልና ገና ከሠላሳ ዓመት በፊት በተቀመጠ ነበር።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ለመጠገን አደላ። አፈሙዟ ደኅና፣ ምላጯ ደኅና፣ ቃታዋ የሌላ ብትሆንም ተስማምታ የኖረች፤ የተሰበረው እንጨት ነው። ጥቂት የምትተኩስ ጠመንጃ አዲስ እንድትሆን የሚያስገድዳት ነገር የለም። የአጎቴ ልጅ ግን አልተረታም። «ጥይትስ?» አለ እንደገና።

ጥይት ሲነሳ አጎቴ መቀነታቸውን ፈቱና የቀሩትን ፊታችን ደረደሩ። ዘጠኝ። እትዬ ከጓዳ ወጡ። እንደ ገንዘብ ቤት ሹም በጣታቸው እየነኩ ከፋፈሏቸው። «እነዚህ ሦስቱ ለልጅዎ ሠርግ። ሁለቱ ለእኅቱ ልጅ ክርስትና፤ አንድም ይበቃል፤ ሁለት ይሁን። እነዚህ አራቱ ለእርስዎ ለቅሶ።»

«ለእኔ አራት ብቻ?» አሉ አጎቴ።

«ለእኔ ደግሞ ስንት አሰቡ?»

አጎቴ ዝም አሉ። ከአራቱ አንዱን ወደ እትዬ በኩል ገፋ አደረጉት። ትንሽ ቆይተው ሌላም ጨመሩ። ልጁ ከዚህ በኋላ ስለ ጥይት አልተናገረም፤ የቤቱ የተኩስ እቅድ ሁሉ እስከ መጨረሻው ተሟልቶ አይቶታልና። ክላሹ የሚገዛው ለየትኛው ተኩስ እንደሆነ ለማስረዳት ከባድ ሆነበት።

የቀረው እንጨት ማግኘት ነበር። ወይራ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ጥርስ የሚሰብር ጠንካራ ነው፤ ግን ለምለሙ ወይራ ያለው የቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ነው፤ እሱን መቁረጥ ቀርቶ መጠየቅም አይቻልም። ኮሶ የፓርኩ ነው። ጥድ ይሰነጠቃል። ባሕር ዛፍ በየቤቱ አለ፤ ግን ሲደርቅ ይጠማዘዛል፤ ሰሜን ያነጣጠሩበት ጠመንጃ ወደ ምሥራቅ ሊያይ ነው። ዋንዛ ለሥራ ይመቻል፣ ቀላልም ነው፤ የሚበቅለው ግን ቆላና ወይና ደጋ ነውና ሊማሊሞን ወርዶ መፈለግ ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ስንዘረዝር አጎቴ ወጥተው ከበረቱ ጥግ አምና የተሰበረ የወይራ ሞፈር ጎትተው መጡ። ደረቅ፣ ቀጥ ያለ፣ በበሬ ትከሻ የተፈተነ።

በዚህን ጊዜ ቄሱ፣ እስካሁን ድረስ በሁለቱም ወገን ያልተናገሩ ሰው፣ እጃቸውን አነሱ። «ኢሳይያስ ሰይፉ ማረሻ ይሆናል ነው ያለው። ሞፈር ሰደፍ ይሆናል የሚል ትንቢት የት አገኘህ?»

አጎቴ ሞፈሩን ግድግዳው ላይ አስደግፈው ሲያስቡ ቆዩ። «ቃሉ ለማረሻው ነው አባ፤ ማረሻዬን አልነካሁም። ሞፈሩን አልጠቀሰውም።» ቄሱ ይህን ለማፍረስ ትርጓሜ ማየት እንዳለባቸው ተናግረው ጠላቸውን አነሱ። ደባርቅ ያለው አናጢ እንጨቱን ካየ በኋላ የሰደፉን ልክ ጠየቀኝ፤ ዋጋውንም ነገረኝ፤ ዋጋውን ለአጎቴ ስነግራቸው «ሞፈሩ የእኔ፣ ጠመንጃዋ የእኔ፣ ታዲያ ዋጋው የምን ነው?» አሉ። ቆዳውን ደግሞ አሮጌውን እንዳይጥለው፣ አዲሱ ሰደፍ ላይ መልሶ እንዲሰፋው አዘዙ። አንገቱ ሳይሰበር በቆዳ የሚታሰር ሰደፍ አይቶ የማያውቀው አናጢ ሁለት ጊዜ ደውሎ ጠይቆኛል፤ እኔም ሁለቱንም ጊዜ አዎ ብያለሁ፤ ስለ ፈረንጆቹ ግን አልነገርኩትም፤ ዋጋ ይጨምራል።

ሽምግልናው በተጠናቀቀበት ዕለት፣ ምርቃቱ ተደርጎ ሰው ሊበተን ሲል እትዬ ከጓዳ አንድ ነገር በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡና መሀል ወለሉ ላይ አስቀመጡት። ምጣዳቸው ነው። ከዳር እስከ መሀል የተሰነጠቀ።

«ይቺም ከሰኔ ጀምሮ እንዲህ ናት» አሉ። «ሽማግሌ ከተሰበሰበ አይቀር፤ ትጠገን ወይስ ትለወጥ?»

ስካውቱ፣ ቄሱ፣ አጎቴና ልጃቸው አንዳቸው ሌላውን ሳያዩ በአንድ ድምፅ «ትለወጥ!» አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ የተከራከሩ ሰዎች በአንድ ነገር ሲስማሙ ያየሁት ያኔ ነው። እትዬም ፈጥነው «እንግዲያው ከክላሹ ብር ላይ ነው የሚገዛው» ብለው እጃቸውን ዘረጉ።